የመኪና ዓይን፣ የመኪና ጫማ

ከአማቴ ጋር ስድስት ዓመት አንድ ግቢ ኖሬ ፊቷን አይቼው አላውቅም። ምን ያለው ጉድ ነው እንዳትሉኝ፤ እኛ የአሜሪካ ናቫሆዎች ዘንድ አማችና አማት አይተያዩም። ከተያዩ ዓይን ይጠፋል፤ የሱም የሷም። ድሮ አማቶች አማቹ ከሩቅ ሰምቶ እንዲሸሽ ቀሚሳቸው ላይ ትንንሽ ቃጭል ያንጠለጥሉ ነበር አሉ። የኔዋ ቃጭል የላትም፤ ሸሪፍ የሚባል ውሻ ነው ያላት። ሸሪፍ ሲጮህ እኔ የያዝኩትን ጥዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። እሷ በጎቿን ይዛ እስክታልፍ ድረስ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሜ ቀለም የተላጠበትን ቆርቆሮ አያለሁ።

እኔ ያደግኩት ከተማ ነው፣ አልበከርኪ። እናቴን በልጅነቷ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብተው ናቫሆኛ በተናገረች ቁጥር አፏን በሳሙና ሲያጥቧት ስለኖሩ፣ ለኔ አንዲት ቃል ሳታወርሰኝ ቀረች። የማውቀው የእናቴን ጎሳ፣ የአባቴን ጎሳ፣ የሁለቱን ወንድ አያቶቼን ጎሳ መጥራት ብቻ ነበር። ላቨርንን ላገባ ስል አጎቷ ክላረንስ ፊት ቆሜ አራቱን እንደ በቀቀን አነበነብኩና ተመረቅኩ። ከዚያ ወዲያ ላለው ቃል ሁሉ ደንቆሮ ነኝ።

ሙሽራው ወደ ሚስቱ እናት ግቢ ነው የሚገባው፤ እኔም ገባሁ። ከአማቴ ሆጋን፣ ከዚያች በሯ ወደ ፀሐይ መውጫ ከሚመለከት ክብ የእንጨት ቤት፣ ትንሽ ራቅ አድርገን የብረት ተጎታች ቤታችንን ተከልን። እኔ መካኒክ ነኝ፤ እዚያው ደጄ ላይ የሰፈሩን መኪና እጠግናለሁ። ላቨርን ጋለፕ ከተማ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትመጣው። ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ አማቴን ስኳር እስኪይዛት ድረስ።

አንድ ቀን ላቨርን የበግ ሾርባዋን እያማሰለች፣ ሳታየኝ፣ ነገሩን አመጣችው። ቀን ቀን ከእማማ ጋር ያለኸው አንተ ብቻ ነህ፤ ብትወድቅ ማን ይደርስላታል፤ እሷ እንግሊዝኛ አታውቅ፣ አንተ ናቫሆኛ አታውቅ አለችኝ። እና ምን ላድርግ ብዬ ጮህኩ፤ ላያት አይፈቀድልኝ፣ አትሰማኝ፣ አልሰማት።

"ተማራ" አለች።

"ከማን?"

"ከሷ።"

ግራ ገባኝ። ላያት ከማልችል ሰው እንዴት ነው የምማረው? አጎት ክላረንስ ዘንድ ሄድኩ። ክላረንስ አገጩን እያከከ፣ የተከለከለው ዓይን ነው፤ ጆሮ አልተከለከለም፤ በስልክ ተነጋገሩ አለኝ። ደስ ብሎኝ ስመለስ የሚስቴን አክስት አይሪንን መንገድ ላይ አገኘኋት። እሷ ደግሞ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ስልክ? ምን ቆርጧችሁ? ድምፅም የሰው አካል ነው አለች። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። ሁለቱም ሽማግሌ ናቸው። እኔ ማንን ልመን? ላቨርን ግን የክላረንስን ይዛ ለእናቷ ስልክ ገዛችላት።

አማቴም የራሷን መላ ፈለገች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ መሬት ላይ ታስቀምጥና ለኔ ሳይሆን ለውሻው ታስተምራለች። "ሸሪፍ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገረው" ትላለች። ስድስት ዓመት ሙሉ የኔ ስም ይኸው ነው፤ ያ ሰውዬ። ዴልሮይ የሚባል ስም እንዳለኝ የሰማችም አትመስል። መጀመሪያ ሰሞን ላቨርን እሁድ እሁድ መሃላችን ቁጭ ብላ ትተረጉምልን ነበር፤ በኋላ ግን ሰልችቷት ተወችን።

የተጀመረው በመኪና ነው። የሟች ባሏ አሮጌ ፒክአፕ ሆጋኗ ጀርባ ቆሞ ነበርና እሱን አስነሳልኝ አለች፤ ለሸሪፍ። እኔ መኪናው ሥር ተጋድሜ አንዱን ዕቃ በመፍቻ ቷ አደርገዋለሁ፤ እሷ በር ዘግታ ቤቷ ውስጥ ሆና በድምፁ ታውቀዋለች። ያንን መኪና ባሏ ሲፈታውና ሲገጥመው ሰምታ ነው ያረጀችው። መኪና "ቺዲ" ነው አለች፤ ሲነሳ የሚለውን አልሰማም ወይ፣ ቺዲ-ቺዲ-ቺዲ አይደለም ወይ የሚለው? ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ገላ ነው። የፊት መብራቱን ስመታ የመኪና ዓይን፣ ጎማውን ስመታ የመኪና ጫማ፣ ባትሪውን ስመታ የመኪና ልብ። ቤንዚኑ የመኪና ውሃ። መካኒክ ነኝ ብዬ ስኖር ለካስ ሐኪም ኖሬያለሁ።

ይኼኛው ገባኝ። ሌላው ግን አናቴን አዞረው። ስልክ የሚያወራ ብረት ነው፣ ኮምፒውተር የሚያስብ ብረት። እሺ፣ ይሁን። ይህን ተምሬ ነዳጅ ማደያው ጋ ሄጄ ደረቴን ነፍቼ ስናገር ሽማግሌዎቹ በሳቅ ወደቁ። የናንተ ሰፈር እንዲህ ነው እንዴ የሚለው፣ እኛ ሌላ ነው የምንለው አሉኝ። ወደ ክላረንስ ስሄድ ክላረንስ ሦስተኛ ቃል ሰጠኝ። አይሪን፣ እነዚህ ሁሉ ልጆች የፈጠሩት ነው፣ ዕቃው እራሱ ስም የለውም አለች። ደሜ ፈላ። አንድ ኮምፒውተር፣ ሦስት ስም! የቱን ልያዝ? እቤት ተመልሼ በስልኩ ላይ ጮህኩባት፤ በማውቃቸው ጥቂት ቃላት፣ ሁሉ ሰው የተለየ ይላል፣ እኔ ተናደድኩ አልኳት።

"ሸሪፍ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገረው" አለች። "እሱ የሚኖረው እኔ ግቢ ነው። የኔን ይያዝ።"

የሷን ያዝኩ እላችኋለሁ። ግን ስህተቴ ማለቂያ አልነበረውም። እሷ ደግሞ ስህተት አታሳልፍም። በግ እያለበችም ይሁን፣ እህል እየፈጨች፣ እንቅልፍ ሊወስዳት እያንጎላጀጀችም ቢሆን፣ እኔ አንዲት ቃል ካበላሸሁ ቀና ብላ ታርማለች። አንዴ ላቨርን ምሽት ላይ ስልኩን ከፍታው እናትየዋ ስታንኮራፋ ይሰማናል፤ እኔ ለቀልድ ብዬ ላቨርንን ያንን የመኪና ጫማ አብሪው አልኳት። ማንኮራፋቱ ቀጥ አለ። "ዓይን" አለች አማቴ በእንቅልፍ ልቧ፤ "ጫማ አይበራም፣ ደደብ" ብላ ማንኮራፋቷን ቀጠለች። ላቨርን ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አንድ ቀን ብቻ ነው የምር የተቆጣችኝ። የፒክአፑ ባትሪ አልነሳ ብሎኝ፣ የመኪናው ልብ ሞተ አልኩ። ከወዲያ በኩል የሆነ ዕቃ ሲወድቅ ሰማሁ። ሞተ አይባልም አለች፤ ያልሆነውን በአፍ ከጠሩት ይመጣል። ባትሪ ነው እኮ ብል ማን ሰምቶኝ። ደከመው በል አለች። ሰው እንኳ መጨረሻው ሲቃረብ ልቡ ደከመው ነው የሚባለው። ደከመው አልኩ። ሦስቴ አስደገመችኝ፤ እኔም መኪናው ሥር ተጋድሜ አቧራ እየዋጥኩ ደገምኩት።

ክረምቱ አልፎ ንፋሱ ሲጀምር የአማቴ ዓይን መፍዘዝ ጀመረ። ሐኪሞቹ ስኳሩ ነው አሉ። አይሪን ግን ስኳር አይደለም አለች። ያ ልጅ አይቷታል፤ ተጎታቹ በጣም ቀርቧል፣ በመስኮት አይቷታል ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። እኔ አይቼያት ይሆን እንዴ? አንድ ጊዜ ውሃ በርሜሉ ጋ ጀርባዋን፣ የሐምራዊ ቀሚሷን ጫፍ ብቻ አይቻለሁ፤ ሸሪፍ ሳይጮህ ቀርቶ። ጫፍ ማየት ማየት ነው? ክላረንስን ስጠይቀው አገጩን አከከና አላውቅም አለ። የትኛውን ልመን? ስኳር ነው ስል ላቦራቶሪው ይመሰክርልኛል፤ እኔ ነኝ ስል ደግሞ ሆዴ ይመሰክርብኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኮቱን በካርቶን ደፈንኩት። ከዚህ በኋላ በኔ ምክንያት የቀረው ብርሃኗ እንዲጠፋ አልፈልግም ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም እንጂ እየበላኝ ነበር።

ያን ዕለት አቧራው ከጠዋት ጀምሮ ነው የተነሳው። ሰማዩ ቀይ፣ ምድሩ ቀይ፣ ተራራው የለም። የጎረቤት መኪና ከፍቼ ስሠራ ስልኬ ጮኸ። አማቴ ናት። ሸሪፍ ንገረው የምትለውን ስጠብቅ፣ አላለችም።

"አንተ" አለች።

ስድስት ዓመት ጠርታኝ አታውቅም። መፍቻው ከእጄ ወደቀ።

"አንተ፣ ዓይኔ ጨለመ። ጫማዬ ውስጥ እግር የለም። ልቤ..." አለችና ቆመች። ትንፋሿን ሰማሁት። "ልቤ ደክሞታል።"

ያንን ቃል እሷው ናት ሦስቴ ያስደገመችኝ። ላቨርን ጋ ደወልኩ፣ አይሠራም። አምቡላንስ ጠራሁ፤ በዚህ አቧራ ከከተማ መጥተን እስክንመለስ ከምትጠብቅ አንተ አምጣት አሉኝ። አምጣት! በምን ዓይኔ ላምጣት?

የሶፋውን የሱፍ ብርድ ልብስ አንስቼ ከመኪናዬ የፊትና የኋላ ወንበር መካከል ሰቀልኩት። መኪናዬን ኋላውን ሰጥቼ እስከ ሆጋኗ በር አስጠጋሁና የኋላውን በር ከፍቼ ፊቴን ወደ መሪው አዙሬ ጥሩምባ ነፋሁ። በሯ ሲንቋረር ሰማሁ። እርምጃዋን ሰማሁ። ከዚያ ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ፤ ሸሪፍ ማልቀስ ጀመረ።

እዚያ ላይ ነው አእምሮዬ የጠፋብኝ። ዓይን ተከልክሏል፤ እጅስ? ስለ እጅ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ክላረንስም አልነገረኝ፣ አይሪንም አልነገረችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ወረድኩ። በዳበሳ ሄጄ የቀሚስ ቬልቬት ነካሁ። ሻሏን ፊቷ ላይ ጎትታ እንደነበር በእጄ አወቅኩ፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና እንኳ እኔን ልትጠብቀኝ። አንጀቴን በላችው። አነሳኋት፤ ያቺ ግቢውን የምታንቀጠቅጥ ሴትዮ ከአንድ ጎማ አትከብድም። ኋላ ወንበር ላይ አስተኝቼ፣ የመድኃኒት ከረጢቷን በዳበሳ አግኝቼ፣ በሩን ዘጋሁና ዓይኔን የገለጥኩት መሪው ላይ ስቀመጥ ነው።

መንገዱ አይታይም። ከመጋረጃው ወዲያ ያለችውም አትታይ። በሕይወት መኖሯን የማውቅበት ነገር ድምፅዋ ብቻ ነው። አናግሪኝ አልኳት። ያየሁትን ሁሉ እየጠራሁ፣ አጥር፣ ላም፣ የመብራት እንጨት፣ እያልኩ ሄድኩ፤ እሷ ደከም ባለ ድምፅ እህ ትላለች። እየቆየ እህታው ራቀ። ከዚያ ጠፋ። ጠራኋት፣ ዝም። መጋረጃውን ልገልጠው እጄን ዘረጋሁ። የቀረውን ብርሃኗን ልወስድባት ነው? ወይስ ሞታ እያለች ልቦና እንደሌለው ሰው ዝም ብዬ ልነዳ ነው? እጄ ብርድ ልብሱን እንደያዘ ቀረ።

በዚህ መሃል ከአቧራው ውስጥ የከባድ መኪና መብራት ብቅ አለ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

"የመኪና ጫማ መጣብን" አልኩ ጮክ ብዬ። "ሁለት የሚያበራ ጫማ።"

መኪናው አለፈን። ከዚያ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከጉድጓድ የሚመጣ በሚመስል ድምፅ፣ "ዓይን... ዓይን ነው" አለች።

እንባዬ መጣ። ከዚያ እስከ ከተማ ድረስ አንዲት ቃል በትክክል ተናግሬ ከሆነ ልገረፍ። በጉን በቆሎ አልኳት፣ ቤንዚኑን ደም አልኳት፣ የትራፊክ መብራቱን የአይሪን አፍንጫ አልኳት። እየቆየች፣ እየዘገየች፣ ግን ታርማለች። በመጨረሻው ሳቀች፤ ሳቋም ሳል ሆነባት።

ሆስፒታሉ ደጃፍ ተሸካሚዎቹ ሲያወጧት ግንባሬን ግድግዳ ላይ ደግፌ ቆምኩ። ሰክሬ የመሰላቸው ነበሩ። ከዚያ የመድኃኒት ከረጢቱን አንጠልጥዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ውስጡ ትርምስ ነው። አቧራው መብራት አጥፍቶ፣ ኮምፒውተሩ አይሠራም፣ አስተርጓሚዋ መንገድ ላይ ቀርታለች። ከሌላ አገር በቅርቡ የመጣች የምትመስል ወጣት ነርስ ከረጢቱን ከእጄ ነጥቃ አየችና የማን ነው አለችኝ። የአማቴ አልኳት።

እንግዲያው ና አሳየኝ አለች። አሁን በአንድ ጊዜ ሁለት አሮጊቶች ገብተዋል፤ የሌላኛዋን ያመጧት ሰዎች ጥለዋት ሄደዋል። ሁለቱም ቬልቬት ለብሰዋል፣ ሁለቱም የድንጋይ የአንገት ጌጥ አላቸው፣ ሁለቱም አይመልሱም። በዚህ ከረጢት ያለው መርፌ ለአንዷ ነው፣ ለሌላኛዋ ከሰጠናት ይገድላታል። የትኛዋ ናት ያንተ?

"አላውቅም" አልኩ።

ፀጉሯ እንዴት ነው አለች፤ አላውቅም። ፊቷ ላይ ምልክት አላት? አላውቅም። ረጅም ናት አጭር? ቀላል ናት አልኩ። ነርሷ ግራ ተጋብታ አየችኝ።

"አብረሃት ስንት ጊዜ ኖረሃል?"

"ስድስት ዓመት።"

አፏን ከፍታ ቀረች። አልፈርድባትም፤ እኔም ለራሴ ግራ ነው የገባኝ። ሁለት መጋረጃ ፊቴ ተጋርዷል። ገልጬ ባይ እንኳ የትኛዋ እንደሆነች አላውቃት! ይኼ ነው ጉዱ። የማላውቀውን ፊት አይቼ ዓይኗን ላጠፋባት እችላለሁ፤ ላድናት ግን አልችልም። ነርሷ ክንዴን ይዛ እየጎተተችኝ ነው።

ዓይኔን ጨፈንኩ። እጄን ዘርግቼ የመጀመሪያው መጋረጃ ጋ ደረስኩ።

"የመኪና ጫማ ያበራል" አልኩ በናቫሆኛ።

ምንም። ሁለተኛው መጋረጃ ጋ ሄድኩ፤ ነርሷ ምን እየሠራህ ነው እያለች ትጮሃለች።

"የመኪና ጫማ ያበራል።"

ምንም። ከሁለቱም ምንም። ዘግይቻለሁ አልኩ በልቤ፤ እዚህ ድረስ አምጥቻት ዘገየሁ። አፌ ላይ የመጣልኝ ያ የተከለከለው ቃል ነበር። ማለት አልፈለግኩም፤ ግን እሷ በሕይወቷ ከሁሉ በላይ የተቆጣችበት ስህተት እሱ ነው። ሁለቱ መጋረጃዎች መሃል ቆሜ፣ ዓይኔን እንደጨፈንኩ ጮህኩት።

"የመኪናው ልብ ሞተ።"

ከመጀመሪያው መጋረጃ ጀርባ የአልጋ ብረት ሲንኳኳ ተሰማ።

"አይባልም" አለች። ድምፅዋ ክር ሆኗል። "ደከመው... ደከመው በል። ስንቴ ልንገርህ?"

ከመጋረጃው ወዲያ ረጅም ትንፋሽ ተሳበ። አማቴ እዚያ ላሉት ሁሉ፣ ማንም ሳይገባው፣ በገዛ ቋንቋዋ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

"አታባሩት። የኔ አማች ነው። እንዲህ አድርጎ የሚሳሳት ሌላ ሰው የለም።"

እያንዳንዷ ቃል ገባችኝ። አንዲትም አልቀረችኝም። ነርሷ ምን አለች፣ ምን አለች እያለች ክንዴን ትነቀንቀዋለች።

"እሷ ናት" አልኳት፣ ዓይኔን ሳልገልጥ። "መርፌውን ስጧት። አማቴ ናት።"